አንዲት ቃል ይዞ መዋል፦ ጠዋት ያነበብነውን እስከ ማታ ማቆያ

ያን ቀን ጠዋት 1ኛ ቆሮንቶስ 13ን አንብቤ ነው ከቤት የወጣሁት። «ፍቅር ይታገሣል፥ ቸርነትንም ያደርጋል» የሚለውን በቢጫ ቀለም አስምሬበታለሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ፣ ባሕር ዳር መሀል መንገድ ላይ፣ ከባጃጅ ሹፌር ጋር በ10 ብር መልስ እጮህ ነበር።

«እናት፣ ዝርዝር የለኝም አልኩ እኮ!» ይላል እሱ።

«ድሮስ መቼ ኖሯችሁ ያውቃል!» እላለሁ እኔ።

አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ተይው ልጄ፣ በ10 ብር ጠዋትሽን አትሽጪው» አሉኝ።

ከጩኸቱ ይልቅ ያሳፈረኝ ሌላ ነው። ጥቅሱ ትዝ ያለኝ ማታ ነበር። መጽሐፉን ስከፍት ቢጫው ቀለም አፈጠጠብኝ። ቃሉን አንብቤዋለሁ፤ ግን እቤት ትቼው ነው የወጣሁት።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ቀየርኩ። ብዙ ማንበብ ተውኩና ጥቂት ይዤ መዋል ጀመርኩ። ሰባኪ አይደለሁም፣ የቢሮ ሠራተኛና የልጆች እናት ነኝ። የማካፍላችሁም እኔን የሠራልኝን ብቻ ነው። የሚያስፈልገው የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ትንሽ ደብተር፣ እስክሪብቶና 20 ደቂቃ ነው። «የታተመ» ያልኩት ስልክ ላይ ያለውን ጠልቼ አይደለም። ማርቆስን ልከፍት ገብቼ ቴሌግራም ላይ የሽንኩርት ዋጋ ሳነብ የረፈደብኝ ጠዋት ስለበዛ ነው።

1. ቦታውን አስቀድማችሁ ለዩ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከሰዓት ነው። «ከነገ ጀምሮ ሌሊት 11 ሰዓት እነሣለሁ» ይላል። ሦስት ቀን ይነሣል፣ በአራተኛው ይተኛል። እኔ ቦታ ይቅደም ባይ ነኝ። የእኔ ቦታ ከማብሰያ ቤቱ በር አጠገብ ያለች ዱካ፣ ትንሽ በርጩማ፣ ናት። ልጆቹ ሳይነሡ፣ ጀበናው ሳይጣድ እዚያ እቀመጣለሁ። ጌታችን «ወደ እልፍኝህ ግባ መዝጊያህንም ዘግተህ» ብሏል (ማቴ. 6፥6)። እልፍኝ ለሌለን የኪራይ ቤት ሰዎች ዱካም እልፍኝ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውኃው ገና አልነቃም። ከቅዱስ ጊዮርጊስ በኩል የኪዳኑ ድምፅ ይሰማል። ጁስ ቤቶቹም ሙዚቃ አልከፈቱም። እንደኔ ሐይቅ ዳር ለምትሄዱ አንድ ምክር አለኝ፦ ካፌ ወንበር ላይ አትቀመጡ። ገና «አቤቱ» ስትሉ አስተናጋጁ መጥቶ «ምን ልታዘዝ?» ይላችኋል። ድንጋይ ላይ ይሻላል። ደግሞ ጠዋቱን አትለፉት። ከሰዓት ነፋሱ ይነሣና ገጹን እየገለበጠ ያስቸግራል።

2. ጥቂት ምረጡ

አባቴ ዳዊት ደጋሚ ነበር። የዕለቱን ሳይደግም እህል አይቀምስም። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ዐሥሩ መዝሙር አንድ «ንጉሥ» ይባላል። «ዛሬ አንድ ንጉሥ ቀርቶኛል» ሲል፣ ልጅ ሆኜ ቤታችን ንጉሥ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

እኔ በአባቴ ልክ ልጀምር ብዬ በሁለተኛው ሳምንት ወደቅሁ። አሁን ከዕለቱ ክፍል አንድ መዝሙር ብቻ እወስዳለሁ። ከወንጌል ደግሞ ዐሥር ቁጥር ገደማ። ከየት ልጀምር ለሚል ማርቆስ ጥሩ ነው፤ ከአራቱ አጭሩ ነው፣ 16 ምዕራፍ። በዐቢይ ጾም ግን ቀላል መንገድ አለ። የሰንበቱን ወንጌል ወስዳችሁ ሳምንቱን ሙሉ ከፋፍላችሁ አንብቡት። የመጻጉዕ ዮሐንስ 5 ነው፣ የገብር ኄር ማቴዎስ 25፣ የኒቆዲሞስ ዮሐንስ 3።

የመዝሙር ቁጥር እንዳያምታታችሁ። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በግእዙ ዳዊት 22ኛ ነው፣ በብዙ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን 23 ተብሎ ታገኙታላችሁ። ከ10ኛው በኋላ አብዛኛው በአንድ ቁጥር ይለያያል። ከእናቴ ጋር በዚህ ተከራክረን ሁለታችንም ልክ ነበርን።

«ጥቂት» ስል የሚከፋው ሰው አለ። ጣና ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አይበልጥም። ጴጥሮስ መረብ ይጥልበት የነበረው የገሊላ ባሕር በስፋት ከጣና ጋር አይወዳደርም፤ ጥልቀቱ ግን ከ40 ሜትር ያልፋል። ሐይቃችንን ማማቴ አይደለም፤ ስለ ንባብ ነው የማወራው።

3. ሦስት ጊዜ፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ

አብረን እንሞክረው። ማርቆስ 4፥35-41። ሰባት ቁጥር ናት።

የመጀመሪያውን ጊዜ ለታሪኩ አንብቡ። መሽቷል። ጌታ «ወደ ማዶ እንሻገር» አላቸው። ነፋሱ ተነሣ፣ ውኃው ታንኳይቱ ውስጥ ገባ፣ እርሱ ግን ተኝቷል። ቀሰቀሱት። ነፋሱን ገሠጸው። ጸጥ አለ።

ከዘጌ ከሰዓት በኋላ በጀልባ የተመለሰ ሰው ይህን ታሪክ ማንም ሳያብራራለት ያውቀዋል። ጀልባዋ ከፍ ዝቅ ማለት ስትጀምር፣ ቅድም ሲቀልድ የነበረው ሁሉ ዝም ይላል። አንዱ ማተቡን ይይዛል። ሌላው ሹፌሩን ፊት ፊቱን ያያል፤ እሱ ከፈራ እኛም እንፍራ ነው ነገሩ።

ሁለተኛውን ጊዜ ለዕቃው አንብቡ። ይህን ያስተማረኝ ትንሹ ልጄ ነው። ተረት ስነግረው «ምን ለብሶ ነበር?» ይለኛል። እዚህ ታሪክ ውስጥ ምን ዕቃ አለ? ትራስ አለ። ማርቆስ ትራሱን አልረሳውም። ሌላስ? «ሌሎች ታንኳዎችም ከእርሱ ጋር ነበሩ» ይላል። ስንት ዘመን ይህን ስሰማ እነዚያን ታንኳዎች አላየኋቸውም! ማዕበሉ እነሱንም መትቷል። ጸጥታውም ደርሷቸዋል። ጌታን የቀሰቀሱት ግን አንዷ ታንኳ ውስጥ ያሉት ናቸው። ያን ለት እናቴ ታየችኝ። ሌሊት 9 ሰዓት ተነሥታ የሁላችንን ስም እየጠራች ስትሰግድ እኛ ግድግዳው ማዶ ተኝተናል። ጠዋት «ደህና አደርን» እንላለን። ለካ ሌሎቹ ታንኳዎች እኛ ነን።

ሦስተኛውን ጊዜ ለራሳችሁ አንብቡ። በዝግታ። አንዷ ቃል ትይዛችኋለች። እኔን የያዘችኝ «ስንጠፋ አይገድህምን?» የምትለው ናት። «ምን ገደደው!» እንደምንለው ያለ ምሬት ነው። እንዲህም መጸለይ ይቻላል ማለት ነው ብዬ ደነገጥኩ። ጌታ ነፋሱን ነው የገሠጸው። እነሱንም «ስለ ምን ትፈራላችሁ?» አላቸው እንጂ «ለምን ቀሰቀሳችሁኝ?» አላለም።

ምንም ካልያዛችሁ አትጨነቁ። ከሰባቱ ቁጥር ደስ ያላችሁን አንዱን ውሰዱ። መብረቅ አትጠብቁ።

4. «አንድም» በሉ

ሊቃውንቱ መጽሐፍ ሲተረጉሙ አንዱን ይነግሩና «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ። ትርጓሜው አንድምታ የተባለውም ለዚህ ነው። ትርጓሜ የመምህራን ነው፤ በእኔ የሦስት ዓመት ደብተር አይገኝም። እኔ የተበደርኩት ትዕግሥታቸውን ብቻ ነው፦ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ላይ አለመቆምን። አንድም፣ ስለ እግዚአብሔር ምን ይነግረኛል? አንድም፣ ስለ እኔ? አንድም፣ ዛሬ ስለማገኘው ሰው? ሦስተኛዋ ትከብዳለች። ብዙ ጊዜ የምዘላትም እሷን ነው።

ያልገባችሁን አትተርጉሙት። ጥያቄ ምልክት አድርጋችሁ ጻፉትና ለንስሐ አባታችሁ ውሰዱት። እኔ በዚህች በታንኳዋ ታሪክ የንስሐ አባቴን፣ «አባ፣ ግን ያን ሁሉ ማዕበል እያለ እንዴት ተኛ?» ብያቸው ነበር።

«ደክሞት ነዋ ልጄ» አሉኝ። «ሰው ሆነ ስንል ምን ማለታችን መስሎሽ ኖሯል?»

አንድ ነገር ደግሞ ተጠንቀቁ። መጽሐፉን ዐይን ጨፍኖ ከፍቶ ጣት ያረፈበትን «የዛሬ መልእክቴ» ማለት በጓደኞቼ ዘንድ ተለምዷል። ይሄ ከሲኒ ንባብ በምን ይለያል?

5. ቃሏን ከአንድ ነገር ጋር እሰሯት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ከባጃጁ ጉዳይ በኋላ መዝሙር 141፥3ን ያዝኩ (በግእዙ 140)። «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር፥ የከንፈሮቼንም መዝጊያ ጠብቅ።» ጥሩ። ግን እንዴት ነው የማስታውሳት? ጠባቂ፣ ጠባቂ እያልኩ ቢሮ ደረስኩ። በሩ ላይ ፍተሻ አለ። እንደ ሁልጊዜው ጥበቃዋ «ቦርሳ» አለችኝ። ዚፑን ከፈትኩ። እጇን ሰድዳ የምሳ ዕቃዬን ገፋ፣ ጃንጥላዬን ገለበጥ አድርጋ አየችና «ግቢ» አለችኝ።

ስንት ዓመት በዚህች ፍተሻ ስነጫነጭ ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን ጠባቂዬ እዚያው ቆማ አገኘኋት። ከዚያ ጀምሮ እሷ ዚፑን ስትከፍት እኔ በልቤ ጥቅሷን እላለሁ። እሷ የሚገባውን ትፈትሻለች፤ እኔ የሚወጣውን እንዲፈትሽልኝ እለምናለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ከአምስት ቀን ሦስቱን ረሳሁ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሰማያዊ ዩኒፎርሟን ከሩቅ ሳይ ቃሏ ራሷ ትመጣ ጀመር። ጥበቃዋ ይህን አታውቅም። አንድ ቀን ብቻ «ዛሬ ምን ተገኝቶ ነው ፈገግታው?» ብላኛለች።

ሕጉ ቀላል ነው። ሳትጠሩት የሚመጣ፣ በየቀኑ የምትነኩት ነገር ምረጡ። ቁልፍ፣ ጀበና፣ የቧንቧ ውኃ፣ ታክሲ። ከቃሉ ጋር ዝምድና ቢኖረው ደግ ነው። የሳምራዊቷን ሴት ታሪክ (ዮሐንስ 4) ባነበብኩበት ሳምንት ከጀሪካኑ ጋር አሰርኩት፤ እንስራዋን ትታ ሄደች የሚለው ጀሪካን ስሞላ ትዝ ይለኛል። «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የምትለዋን ደግሞ ከአንዲት ዘመዴ ስልክ ጥሪ ጋር አሰርኳት። ስሟ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል፣ ከማንሣቴ በፊት፣ አንድ ጊዜ እላታለሁ። አንዳንዴ ጥሪው እስኪዘጋ ድረስ እላታለሁ፤ እሱን አልደብቃችሁም።

ቃሏ ግን የእናንተ ናት፣ የባላችሁ አይደለችም። እኔ «ለአፌ ጠባቂ አኑር» የምትለዋን በትልቁ ጽፌ ፍሪጅ ላይ ለጥፌ ነበር። ባለቤቴ ቆሞ አነበባትና «ይቺ ለኔ ናት ወይስ ለራስሽ?» አለኝ። ማታውኑ አነሣኋት። ፌስቡክ ላይ መለጠፍም እንደዚያው ነው። ላይክ ሲበዛ የኖርነው ይመስለናል።

6. ቀትር ላይ አንድ ደቂቃ

ቤተ ክርስቲያን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜ አላት። መዝሙሩ «ሰባት ጊዜ በቀን» ይላልና። ለቢሮ ሰው ሰባቱ ይከብዳሉ። እኔ አንዷን ያዝኩ፦ 6 ሰዓት፣ ጌታ የተሰቀለበትን። ስልኬ ይነዝራል። ደረጃው ላይ ወጥቼ አባታችን ሆይ እላለሁ፣ የጠዋቷን ቃል እጨምራለሁ፣ እመለሳለሁ። አለቀ።

7. ማታ ሁለት መስመር ጻፉ

ከሁለት አይብለጥ። ሲረዝም ድርሰት ይሆናል፣ ድርሰት ሲሆን ደግሞ መዋሸት ይመጣል። አንዷ መስመር ቃሏን የት እንዳገኛችኋት ናት፣ ሌላዋ የት እንዳመለጠቻችሁ። ከደብተሬ አንዱን ላንብብላችሁ፦

«ማክሰኞ። ስንጠፋ አይገድህምን። ያገኘኋት፦ ባንክ ወረፋ ላይ፣ ሲስተም የለም ሲሉን። ያመለጠችኝ፦ ልጁ ወተቱን ሲደፋ።»

ሁለተኛዋን መስመር አትዝለሏት። ለንስሐ አባቴ ስሄድ «ምን አጥፍተሻል?» ሲሉኝ ድሮ ጣራ ጣራ አይ ነበር። አሁን ደብተሯን አየት አድርጌ ነው የምሄደው።

8. መረቡ ባዶ የሚወጣበት ሰሞን

ይመጣል። አባቴ ባረፈበት ዓመት ወራት ሙሉ ምንም አልያዘኝም። ዱካው ላይ እቀመጣለሁ፣ አነባለሁ፣ ፊደል ብቻ ነው። «አሠራሩ ተበላሸ» ብዬ ልተወው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መረባቸውን ዘርግተው የተሰካካውን ሣር በጣታቸው አንድ በአንድ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ይነቅላሉ፣ ያለቅልቃሉ፣ ሌላ ክንድ ይስባሉ።

«ጋሼ፣ ቀናዎት ወይ?» አልኳቸው።

«ምን ይቀናል፣ ሁለት ቀረሶ።»

«ታዲያ ለሁለት ቀረሶ ይህን ሁሉ?»

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «ካላጠብሁትማ ነገ በምን ልወጣ?»

እቤት ገብቼ ሉቃስ 5ን ከፈትኩ። ሁልጊዜ ወደ ብዙው ዓሣ ስሮጥ የማልፋት ነገር ሁለተኛው ቁጥር ላይ ነበረች። ጌታ ሲመጣ አጥማጆቹ ከታንኳ ወርደው መረባቸውን እያጠቡ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ምንም ሳይዙ አድረው! «ሌሊቱን ሁሉ አድረን ስንደክም ምንም አልያዝንም፥ ነገር ግን በቃልህ መረቦቹን እጥላለሁ» ያለውም ያው ያልተኛው ጴጥሮስ ነው።

ስለዚህ በባዶ ሰሞን መረብ ማጠብ ብቻ ነው። አዲስ ምዕራፍ አትፈልጉ። አንድ አጭር መዝሙር ያዙና በየቀኑ እሱኑ በሉ። እኔ 130ን ያዝኩ (በግእዙ 129)፤ «አቤቱ፥ አንተን ከጥልቅ ጠራሁህ»። ስምንት ቁጥር ናት። አማትቡ፣ አንብቡ፣ አባታችን ሆይ በሉ፣ ደብተሩ ላይ ቀኑን ጽፋችሁ «ባዶ» በሉ። የዚያ ዓመት ደብተሬ ላይ «ባዶ» የሚል ገጽ ሙሉ አለ። ከነቀኑ።

ግን እንቅልፍም ምግብም እምቢ ካለ፣ ጠዋት መነሣት ራሱ ተራራ ከሆነ፣ ነገሩን የጸሎት ድካም ብቻ አታድርጉት። ለንስሐ አባታችሁም ለሐኪምም ንገሩ። ጠበልም ክኒንም የሚወስድ ሰው በዚህ ከተማ ብርቅ አይደለም።

9. እሑድ ታንኳዋን አቁሟት

የደንገል ታንኳ ውኃ ትጠጣለች። እያደር ትከብዳለች። ባለቤቶቿ ከሐይቁ ሲመለሱ አውጥተው ዳር ላይ ቀጥ አድርገው ያቆሟታል፣ ውኃው እንዲወርድላት፣ ፀሐይ እንዲመታት። እሑድ እኛም አዲስ ንባብ የለንም። ቅዳሴ አለ፤ ንባቡን ሌላ ሰው ያነብልናል፣ እኛ እንሰማለን።

ከቅዳሴ መልስ ቡና ይፈላል። በአቦል ከደብተሬ የሳምንቱን ቃሎች አነባለሁ። በቶና እናቴ ትተቻለች፤ «ይቺን እኮ አባትሽ እንዲህ አይላትም ነበር» ትላለች። በረካ ላይ እኔ ዝም እላለሁ፣ ልጆቹ የፈለጉትን ይጠይቃሉ። ባለፈው ትንሹ «ትራሱ ረጠበ ወይ?» ብሎ ጠይቋል። እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም።

ነገ ለመጀመር

ዛሬ ማታ መጽሐፉን፣ ደብተሩንና እስክሪብቶውን ዱካው ላይ አስቀምጡ። ስልኩ ሳሎን ይደር። የመጀመሪያው ንባብ ማርቆስ 1፥35-39 ይሁን። ጌታ ገና ሌሊት ሳለ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ሄዶ ይጸልያል፤ እነ ስምዖን ይደርሱበትና «ሁሉ ይፈልጉሃል» ይሉታል። ምናልባት እናንተም እዚያች ቁጥር ላይ ስትደርሱ ከመኝታ ቤት «እማዬ፣ ካልሲዬ የታለ?» የሚል ድምፅ ይመጣል። የመጀመሪያዋን ቃል ከእሱ ጋር እሰሯት።